ባቡሩ የሚያድርባት ከተማ

ከ1933ቱ ነፃነት እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ ስለነበረው የድሬዳዋ ኑሮ የሚተርክ ሰው፣ ኦሮሞ ሆነ ሶማሌ፣ ሐረሪ ሆነ አማራ፣ ጉራጌ ሆነ የየመን አረብ ልጅ፣ ወጉን የሚጀምረው ከሞላ ጎደል ከአንድ ቦታ ነው። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ፣ ቀትር ላይ ጭር የሚለው መንገድ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታጥበውና ለብሰው ለሽርሽር የሚወጡ ወጣቶች፣ ጋሪና ብስክሌት፣ ኋላ ደግሞ የፔጆ 404 ታክሲ፣ የህንድ ፊልም፣ የኮተን የእግር ኳስ ጨዋታ፣ የባቡሩ ጩኸት። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ይገባል፤ ያኔ ሰው ሰውን ይወድ ነበር፤ ዘርህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ይቆጣም ያበላም ነበር፤ አንድ ሕፃን ሰፈር ውስጥ እየተሯሯጠ ሦስት አራት ቋንቋ ይለቅም ነበር። ደሴም፣ ጅማም፣ ጎንደርም፣ ናዝሬትም ስለዚያው ዘመን የየራሳቸው ትዝታ አላቸው። የድሬዎቹ ግን ከሁሉም ይበልጥ ተላላፊ ሆኖ ቆይቷል። ከተማዋን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ «የድሬ ልጅ» ሲባል ግልጽ፣ ቀለል ያለ፣ ያለውን ለሰው የማይሰስት ሰው ይታየዋል።

ይህን ትዝታ እንዳለ ተቀብሎ ማተም ቀላል ነው፤ የሽማግሌ ወግ ነው ብሎ መጣልም እንደዚያው። ሁለቱም አካሄድ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ትዝታው ስለ ኑሮው የሚለውና ኑሮው ከየት እንደመጣ የሚለው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ኑሮው የሚለው በአብዛኛው ይታመናል። ቋንቋው ተቀላቅሎ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ቶሎ የከተማዋ ሰው ይሆን ነበር፤ መዝናኛው ከኪሰ ሙሉ ነጋዴ እስከ ቀን ሠራተኛ የሚዳረስ ነበር። ከየት መጣ ሲባል ግን ትዝታው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ የሰዉ ደግነት። ይህ መልስ አያስኬድም። የሰው ጠባይ በአንድ ከተማ ደግ፣ በሚቀጥለው ጣቢያ ክፉ ሆኖ አይፈጠርም። ያንን ኑሮ ያቆመው የተወሰነ ዓይነት ሥራ፣ የተወሰነ ዓይነት ደመወዝና የተወሰነ ዓይነት የጉዞ ሰዓት ነበር። ይህን ማየት ትዝታውን አያዋርደውም። እንዲያውም ዛሬ ስለ ከተሞቻችን የምንከራከርበትን ነገር ከጠባይ ስብከት አውጥቶ ወደ ተጨባጭ ጉዳይ ያመጣዋል።

ከመሠረቱ እንነሣ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ መዳረሻ ሐረር ነበረች። የምሥራቁ ንግድ ሁሉ የሚያልፈው በእርሷ በር ነበርና ሌላ መዳረሻ ማሰብም አያስፈልግም ነበር። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ከፍ ብላ ተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ ሐዲዱን እስከዚያ ማውጣት ደግሞ መሥመሩን የሚሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ገንዘብ የሚችለው አልነበረም። ስለዚህ መሥመሩ ቆላውን ይዞ ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የኦሮሞና የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ከሚያሰማሩበት ሜዳ ደረሰ። እዚያ የተቆረቆረችውን ከተማ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ሊሏት ሞክረው ነበር፤ ስሙ ግን አልጸደቀም። በ1899 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ፤ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው እስኪቀጥልና ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ድሬዳዋ ለዐሥራ አራት ዓመት ያህል የንግዱ ዋና ማራገፊያ ሆና ቆየች። ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይጫናል፤ ቡናውና ቆዳው ከግመል ወርዶ ፉርጎ ላይ ይወጣል። ይህን የሚያገበያዩት የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች፣ የየመን አረቦች፣ ሐረሪዎች፣ እንደ መሐመዳሊ ያሉ የህንድ ቤቶች፣ በኋላም የኤደኑ ፈረንሳዊ አንቶኒን ቤስ ወኪሎች ነበሩ። የአቢሲኒያ ባንክ ሳይቀር ገና በጠዋቱ ቅርንጫፍ ከፍቶባታል።

ከዚህ አመሠራረት አንድ ቁም ነገር ይወጣል። በሐረርም ሆነ በጎንደር አንድ እንግዳ ሲገባ የሚጠብቀው ሥርዓት አለ። በሩ፣ መስጊዱ ወይም ደብሩ፣ የየሰፈሩ ባለ ርስት፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚወስን የቆየ ልማድ። ድሬዳዋ ላይ ግን ከዙሪያው አርብቶ አደር በቀር ሁሉም እንግዳ ነበር። እንግዳው እንግዳውን «አንተ ከየት መጣህ» ብሎ የሚያሸማቅቅበት ቀዳሚነት አልነበረውም። ቀዳሚ ባለመብት ካለ ኩባንያው ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ከሰው የሚፈልገው ጉልበትና ሙያ እንጂ የዘር ሐረግ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ይህ የጊዜ ሰሌዳ ከማንኛውም የከንቲባ ዕቅድ በላይ ከተማዋን ሠርቷታል። በየሳምንቱ ጥቂት ሌሊቶች፣ ገንዘብ የያዘ፣ የሚያውቀው ዘመድ የሌለው፣ እስኪነጋ የሚሠራው ነገር ያጣ መንገደኛ ይራገፍባታል። ሆቴል ያስፈልገዋል፤ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ሙዚቃና መጠጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀን በሙቀት የምትተኛው ከተማ ማታ መንቃቷ የአየር ንብረት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አዎ፣ በቀትር ሱቅ ዘግቶ ማረፍና ፀሐይ ስትበርድ መውጣት የቆላ ሁሉ ልማድ ነው። ነገር ግን ቆላ ሁሉ የምሽት ከተማ አልሆነም። ምሽቱን ገበያ ያደረገው አዳሪው መንገደኛ ነው። በኋላ የናፍጣ ሞተር መጥቶ፣ ሊትሪና የምትባለው ፈጣን ባቡርም መንገዱን አሳጥራ መንገደኛው ማደሩን ቢቀንስ እንኳ፣ የባቡሩ ሠራተኛ የሚለዋወጥባት፣ ሞተሩ የሚፈተሽባት ከተማ እርሷው ስለሆነች ምሽቷ አልጨለመም። ዛሬ «የድሬ ሰው እንግዳ ይወዳል» ስንል፣ እንግዳ መቀበል እንጀራዋ የነበረች ከተማን እየገለጽን መሆኑን እናስታውስ።

ከማደሪያነቷ ይልቅ የሚበልጠው ግን የጥገና ወርክሾፑ ነው። የ784 ኪሎ ሜትሩ መሥመር ዋና የጥገና ማዕከል ድሬዳዋ ነበር። ማቅለጫ፣ ቶርኖ፣ ብየዳ፣ አናጢነት፣ የሞተር ጥገና፤ ሁሉም በአንድ ግቢ ውስጥ ነበር። እዚያ የገባ ልጅ ከታች ተነሥቶ ሙያ ይማራል፤ ሙያውም ዕድሜ ልክ ይከተለዋል። የግቢው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ሁሉም እኩል ባዕድ በሆነበት ቋንቋ ነበር የሚሠራው። የመሣሪያውን ስም አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም ከዜሮ ጀምሮ ነው የሚማረው። ከግቢ ሲወጣ ደግሞ ገበያው ቀፊራ ነው፤ እዚያ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ ሳያውቅ በርበሬ እንኳ በቀና ዋጋ አይገዛም። ልጆቹ ትምህርት ቤት በአማርኛ ይማራሉ። ይህ ብዙ ቋንቋነት በፍቅር የተጀመረ አይደለም፤ ለየሥራው የየራሱ ቋንቋ ስላስፈለገ የመጣ ነው፤ ፍቅሩ፣ ጋብቻውና ጉርብትናው በዚያ ላይ በቀለ። በወሩ መጨረሻ የሚከፈለው ደመወዝም ከተማውን ሁሉ በአንድ ቀን ያረጥባል፤ ባለ ሱቁ ለባቡር ሠራተኛ በዱቤ የሚሰጠው ደመወዙ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነው። መተማመን ያልነው ነገር ብዙውን ጊዜ ይኼው ነበር።

ይህን ክርክር የሚፈትን ጥሩ ማነጻጸሪያ በራሱ በመሥመሩ ላይ አለ። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ ሁሉም ባቡር የሚቆምባቸው፣ ሁሉም ቆላ፣ ከሞላ ጎደል ያው ሕዝብ የሚኖርባቸው ጣቢያዎች ናቸው። ጠባይ ቢሆን ኖሮ የድሬን ስም ይጋሩ ነበር። አልተጋሩም። አዋሽ እንኳ መንገደኛ የሚያድርባት፣ በጣቢያዋ ሆቴል ስሟ የታወቀች ብትሆንም ትዝታዋ ከሆቴሉ በረንዳ አላለፈም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እነዚያ ጣቢያ ነበራቸው፤ ወርክሾፕ፣ ፋብሪካና ብዙ ሺህ ቋሚ ደመወዝተኛ ግን አልነበራቸውም። ናዝሬት ደግሞ በሌላ በኩል መንገዱም፣ ባቡሩም፣ ኋላም በ1946 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በአጠገቧ ሲሆን እንዴት እንዳደገች፣ የራሷን ወግም እንዴት እንዳበቀለች እናውቃለን።

በዘመኑ የነበረውን ተወዳጅ ባህል ስንመረምር ደግሞ የደመወዝ መዝገቡ ምልክት በየቦታው ይታያል። እግር ኳሱን እንውሰድ። ድሬዳዋን በሀገሪቱ ስታዲየሞች ያስጠራት ክለብ ኮተን ነበር፤ ስሙ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተወሰደ ነው። ፋብሪካው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመሥርቶ ከነፃነት በኋላ ያደገ ሲሆን፣ ክለቡም በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። የሀገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካም የድሬ ነው፤ እርሱም ቡድን ነበረው። ሕዝቡ በሰፈር ወይም በብሔር ስም ከሚጠራ ቡድን ይልቅ በአሠሪው ስም ለሚጠራ ቡድን ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮህ ነበር። አንድ ሰው ከየትም ይምጣ፣ ፋብሪካው ውስጥ ወንድሙ ወይም የወንድሙ ባለንጀራ ካለ ኮተን የእርሱ ነው። ያ ፍቅር በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ጨዋታ የተደረገባት ከተማ እስከ መሆን አድርሷታል። የክፍለ ሀገር ከተማ ለዚህ ክብር የበቃችው በሕዝቧ ስሜት ብቻ አይደለም። ሜዳውም፣ ማረፊያውም፣ ማጓጓዣውም ከዚያ በፊት በሌላ ምክንያት ተሠርቶ ስለቆየ ነው።

ሙዚቃው ይበልጥ ያስተምራል፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ጆሮዋ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለባሕሩ የቀረበ ነበር። ከኤደንና ከጅቡቲ ሸክላ ይገባል፤ ሬዲዮው የካይሮን፣ የሱዳንንና የሶማሌን ዜማ ያመጣል፤ ሲኒማው የህንድን። በ1940ዎቹ ጫት ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ወደ ኤደን ይጫን ስለነበር ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር ያለው ግንኙነት የየዕለት ጉዳይ ነበር። ከዚህ ድብልቅ ውስጥ በ1950ዎቹ አጋማሽ አፍረን ቀሎ የተባለው የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ወጣ። ዓሊ ቢራም፣ ዓሊ ሸቦም ከዚያ የወጡ ናቸው። ሠርግ ቤት እየዞሩ በኦሮምኛ ይዘፍኑ ነበር፤ ዜማቸው ውስጥ የአረቡም፣ የሱዳኑም፣ የሶማሌውም፣ የሐረሪውም ጣዕም ይሰማል። ዓሊ ቢራ በኋላ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማልኛና በአረብኛ መዝፈኑ የግል ተሰጥኦው ብቻ ሳይሆን ያደገባት ከተማ የገበያ ችሎታ ነው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ትዝታውን ይደግፋል።

ቀጣዩ የታሪኩ ክፍል ግን ትዝታው ሲደርስበት ፈጠን ብሎ የሚያልፈው ነው። ኦሮምኛ በትምህርት ቤትም በመንግሥት ጋዜጣም ቦታ በሌለው ዘመን በኦሮምኛ የሚዘፍን የወጣቶች ማኅበር በባለሥልጣናት ዘንድ እንደ ጥርጣሬ ምንጭ ታየ። ቡድኑ እንዲበተን ተደረገ፤ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ ዓሊ ቢራም በጅቡቲ በኩል ዞሮ በመጨረሻ አዲስ አበባ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። እንግዲህ የድሬ ፍቅር ተምሳሌት ሆኖ ስሙ የሚጠራው ሰው፣ የዚያው ዘመን ፍቅር የት ላይ እንደሚቆም ምስክር ነው። ሠርግ ቤት ውስጥ ማንም ዘርህ ምንድን ነው አይልም ይሆናል፤ ቢሮ ውስጥ ግን ይባል ነበር። ይህን መጥቀስ ትዝታውን ውሸት አያደርገውም። መቀላቀሉ የት ቦታ እንደነበረና የት እንዳልነበረ ይለይልናል። ወርክሾፑ፣ ገበያው፣ ሜዳው፣ ሲኒማውና የሠርጉ ዳስ ውስጥ ነበረ፤ ዳኝነቱና ሹመቱ ዘንድ አልነበረም።

የከተማዋ አቀማመጥም ያንኑ ይናገራል። ደቻቱ የሚባለው፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ከወዲህ ከዚራ ናት፤ በፈረንሳዮቹ ንድፍ ቀጥ ያለ መንገድ፣ የኩባንያው ሹማምንት ቤት፣ ዛፍ። ከወዲያ መጋላ፤ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ገበያ፣ ብዙ ሕዝብ። በትዝታ ውስጥ ድሬዳዋ ማለት አዘውትሮ ከዚራ ናት፤ የድሬ ሰው ብዛት ግን ያለው በመጋላ በኩል ነበር። ወንዙ ሲሞላ የሚበላውም እንደዚሁ እኩል አልነበረም፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የገደለው ዳርቻው ላይ ተጠጋግተው ይኖሩ ከነበሩት ነው። ጥላው የማን እንደነበረ ሳይጠይቅ ስለ ጥላው የሚያወራ ታሪክ ግማሹን ነው የሚያወራው።

ከትዝታው ሥዕል የጎደሉ ሌሎችም አሉ። የባቡሩ ሠራተኛ ራሱ በትዝታ የሚታየው ደመወዝ ተቀብሎ፣ ለብሶ፣ ከልጆቹ ጋር ሽርሽር ሲወጣ ነው። ይህ ሠራተኛ ግን በኢትዮጵያ የሠራተኛ እንቅስቃሴ ታሪክ ቀድመው ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ነው፤ ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ሥራ አቁሞ በኃይል ተበትኗል። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ የታወቀው ደግሞ ዘግይቶ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ የሚናፈቅ ቋሚ ደመወዝ ኩባንያው በቸርነት የሰጠው አልነበረም። ሴቶቹ ደግሞ ከነጭራሹ የሉም፤ ቢኖሩም መሳቂያ ሆነው ነው። የዘመኑ የኢትዮጵያ ከተሞች ከወንድ ይልቅ ሴት ይበዛባቸው ነበር፤ ከገጠር ትዳር ፈትታ ወይም ጠፍታ የመጣች ሴት ጠላ ጠምቃ፣ ቡና ቤት ከፍታ፣ ወይም ተቀጥራ ትኖራለች። መንገደኛው የሚያድርባት ከተማ ሲባል፣ ያንን ሌሊት የሚሠሩት እነማን እንደነበሩ ግልጽ ነው። በባቡሩ ላይ ጫትና አትክልት ወደ ጅቡቲ ጭና ጨርቅና ሽቶ በልብሷ ሥር ይዛ የምትመለሰው ነጋዴም ከፊናንስ፣ ማለትም ከጉምሩክ ጠባቂው፣ ጋር የምትጫወተው ድብብቆሽ በወግ ላይ ያስቃል፤ ለእርሷ ግን ሲያዝባት የልጆቿ የወር ቀለብ ነው። እነዚህን ሴቶች ወደ ሥዕሉ መመለስ ትዝታውን ያበለጽገዋል፤ የከተማዋ ነፃነት የሚባለው ነገር ግማሹ በእነርሱ ድፍረት የተገነባ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሐረር ከባቡሩ በፊት ለዘመናት የብዙ ሕዝብና የብዙ ቋንቋ መናኸሪያ ነበረች፤ ድሬዳዋ ያንን የቆየ የንግድ ባህል ወርሳ እንጂ ከወርክሾፕ አላገኘችውም ይባላል። ከፊሉ ልክ ነው። የሐረሪ ነጋዴ፣ የሲራራው ደላላ፣ በቋንቋ መሐል የሚመላለሰው አስተርጓሚ፣ እነዚህ ሁሉ ከሐረር ተራራ ወርደው የመጡ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ኩባንያው አንድ ከረጢት ቡናም ባልገዛ። ነገር ግን የሐረር አብሮ መኖር ግንብ ያለው ነበር። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማን ግንቡ ውስጥ እንደሚያድር የታወቀ ነው። ነጋዴዎች ተገናኝተው ይገበያያሉ፤ ሁለት ጎረምሶች አንድ ሞተር ሥር ተንበርክከው ቀኑን ሙሉ አይውሉም። ድሬዳዋ የወረሰችውን የንግድ ችሎታ በደመወዝ ሥራ ላይ ደረበችው፤ ሁለቱ ባይገጣጠሙ ኖሮ ሌላ አንድ የሲራራ ማረፊያ ሆና ትቀር ነበር። ሌላኛው ተቃውሞ፣ ማለትም ሰው የሚናፍቀው ከተማውን ሳይሆን የገዛ ወጣትነቱን ነው የሚለው፣ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ወጣትነት ሁሉም ጋ ነበር፤ በየጣቢያው ያደጉ ወጣቶች ሁሉ ግን ስለ ጣቢያቸው እንዲህ አይናገሩም።

ያ ኑሮ እንዴት ከሰመ ለሚለው የተለመደው መልስ ደርግ ነው። ቤትና ድርጅት ሲወረስ፣ ግሪኩና አርመኑ ሲሄድ፣ በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ከተማዋ ደጃፍ ደርሶ ሲመለስ፣ የባቡር ድልድይ ሲፈርስ፣ ቀይ ሽብሩ ሲገባ፣ ከተማዋ በእርግጥ ተጎድታለች። ነገር ግን የመሠረቱ መናጋት ከዚያ ይቀድማል። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የራሱ ወደብ አሰብ ነበረው፤ በ1950ዎቹ ወደቡ ሲስፋፋና ከደሴ በኩል ያለው መንገድ ሲጠናከር የጭነት መኪናው የባቡሩን ጭነት መሻማት ጀመረ። የመኪናው ሾፌር የሚያድርባቸው ሌሎች ከተሞች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል ኩባንያው እኩል በእኩል የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ሆኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ ሲዞርም፣ ለሀገሪቱ ተገቢ ድል ቢሆንም፣ የውሳኔው ክብደት ከድሬ እየራቀ ነበር። ስለዚህ ትዝታው ወርቃማ የሚለው ዘመን መጨረሻው አካባቢ ከጓሮ በኩል እየተሸረሸረ ነበር፤ ሽርሽር ላይ ያሉት ወጣቶች ማየት የሚችሉት ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በሰው ብዛት አላነሰችም። በ1976ቱ ቆጠራ ዘጠና ስምንት ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ አልፋለች። የቀነሰው ሰዎቹን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያውለው ሥራ ነው። ሰዉ ወደየራሱ ንግድ፣ ወደየራሱ ዘመድ፣ ወደየራሱ ማኅበር ተበተነ፤ ያኔ ነው ዘር የሚጠየቀው፣ ዱቤ የሚሰጠው በዝምድና ስለሆነ።

ያንን ኑሮ ያቆመው ሥራው ነው የሚለው ክርክር ትክክል ከሆነ የሚፈተንበት ጊዜ አሁን ነው። አሮጌው ባቡር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መነሣቱን አቆመ፤ ወርክሾፑ ቶርኖዎቹንና ሞተሮቹን እንደያዘ ጎብኚ የሚያየው ስፍራ ሆነ። በመስከረም 2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ መሥመር ተመረቀ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና እዚያው ድሬዳዋ ተከፈተ። ስለ ከተማዋ መነቃቃት ሲወራ «ድሬ ወደ ቀድሞው ትመለሳለች» የሚባለው ሐዲዱንና ፋብሪካውን በመቁጠር ነው። አዲሱ ባቡር ግን አሮጌው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን መንገድ በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ መንገደኛው ድሬዳዋ ላይ ማደር አያስፈልገውም፤ ጣቢያውም ከመሐል ከተማ ርቆ የተሠራ ስለሆነ በመስኮት ከዚራን አያያትም። ኮንቴይነሩ ታሽጎ መጥቶ ታሽጎ ያልፋል፤ ከፉርጎ ወደ ግመል የሚያዛውር ጉልበት፣ በመሐል የሚያስተረጉም ደላላ አይፈልግም። ቀጠናው በርካታ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሙያ አስተምሮ፣ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ወጣቶችን ለዓመታት ጎን ለጎን ካዋለ የአሮጌውን ወርክሾፕ ሥራ ሊሠራ ይችላል። መጋዘን ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን ከባቡሩ መመለስ የድሬን ምሽት የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው በተሳሳተ ጣቢያ ነው።